ባዶ ቦታም ክብደት አለው

ዋና ጠማቂው ኪሄይ የተገኘው ኡሜ በሚባለው የጥንስስ ክፍል ውስጥ፣ ከትልቁ ጋን ሥር በደረቱ እንደተደፋ ነበር። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ቀኝ እጁ የማማሰያውን ረጅም እንጨት ጨብጦ ቀርቷል። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሃምሳውን ክረምት ያሳለፈው እዚሁ፣ በረዶ እስከ ጣሪያ በሚቆለልበት የኒጋታ ተራራ ሥር፣ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ በሚጠመቅበት በዋታራይ ጠመቃ ቤት ነው።

ምን እንደገደለው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ጥንስስ ሲፈላ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል። ተዘግቶ በከረመ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን የሰማ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ መተንፈስ ነው፤ ጉልበት ይከዳል፣ አለቀ። ለዚህ ነው ክፍሉ ማራገቢያ የተገጠመለት፤ ሠራተኞች ከመግባታቸው በፊት አርባ ደቂቃ ሠርቶ የታፈነውን ጠርጎ ያወጣል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አልሠራም ተባለ።

መርማሪ ኢጋራሺ ፉሚ ከከተማ የተጠራችው በሦስተኛው ቀን ነው። የተጠራችውም ገዳይ ፍለጋ አይደለም። ገዳይ ነኝ ያለች ሴት ተገኝታለች፤ የመንደሩን ፖሊስ የቸገረው ቃሏን በምን አንቀጽ እንደሚጽፈው ነበር።

«ጣቴ ነው የገደለው» አለች ሴትዮዋ።

ጹሩኮ ትባላለች፤ የጠመቃ ቤቱ ጸሐፊ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቷ። እጆቿን ሽርጧ ሥር ደብቃ ተቀምጣለች። ዓይኗ አልቅሶ አልቅሶ ደርቋል። አስር ሰዓት ላይ የፖሊስ መኪና ወደ ከተማ ይወስዳታል፤ ቃሏን ከፈረመች የሰው ነፍስ በቸልተኝነት በማጥፋት ትከሰሳለች። እሷን ያስፈራት ግን ክሱ አልነበረም፤ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ጥንስሱ ባማረ ቁጥር ኪሄይ የመጀመሪያዋን ጽዋ ለእሷ ያመጣ ነበር። ከዚያ ያለፈ ቃል በመካከላቸው ተነግሮ አያውቅም፤ ሁለቱም ግን ያውቁት ነበር።

«እትዬ ጹሩኮ» አለች ፉሚ ወንበር ስባ እየተቀመጠች፣ «ጣትዎ ምን አደረገ? ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ እኔ በኮምፒውተር ነገር ደንቆሮ ነኝ።»

«ማታ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ እጽፋለሁ። የክፍሉን ስም፣ ኡሜ። ቀጥሎ ባዶ ቦታ። ቀጥሎ አርባ። ስክሪፕት የሚሉት ነገር አለ፤ እሱ ሁለቱን ቃል ይቀበልና ሲነጋጋ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ማራገቢያውን አርባ ደቂቃ ያሠራዋል። በሌላ ሰዓት ከተጻፈ ግን ወዲያው ነው የሚፈጽመው።»

«ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?»

«ካልታመምኩ እኔ ነኝ። ከታመምኩ ጌታው፣ የቤቱ ባለቤት፣ ወይም ምክትል ጠማቂው ኤይኪቺ ይጽፋሉ።»

«ታዲያ ያን ማታ ምን ሆነ?»

«ባዶ ቦታውን ሰፊውን መታሁ።» ቀና ሳትል ቀጠለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ለዚያ ሰው አየር የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ነፈግሁት።»

ሰፊ ባዶ ቦታ የሚባለው ነገር ለእንግዳ ቀልድ ይመስላል። በዚያ አገር ኪቦርድ ግን ባዶ ቦታ ሁለት ዓይነት ነው። ጠባቡ ከፈረንጅ ፊደል ጋር ይሄዳል፤ ሰፊው ከራሳቸው ፊደል ጋር የሚመጣ ሲሆን አንድ ሙሉ ፊደል ያህላል። የክፍሉን ስም በአገሩ ፊደል ጽፎ መቀየሪያውን ቁልፍ ሳይነካ የቀጠለ ሰው ሳያውቀው ሰፊውን ይመታል። ለሚያነብ ሰው ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተሩ ግን እንደ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል የሚለየው ጠባቡ ብቻ ነው፤ ሰፊውን እንደ ማንኛውም ፊደል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ኡሜና አርባ ተጣብቀው አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ስክሪፕቱ የደቂቃውን ቃል ሲያጣ ዝም ይላል፤ ማራገቢያውም አይነሳም።

ከስክሪኑ በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ሰፊውን ባዶ ቦታ ተጠንቀቁ!» ይላል።

«ይህን ማን ለጠፈው?»

«እኔ» አለ በሩ ላይ የቆመ ሰው። ሆሶካይ ይባላል፤ ስክሪፕቱን የጻፈው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፣ የሚኖረው ከተማ። «ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ስህተት ስትሠራ ይዣታለሁ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት መክሬያታለሁ።»

«አዋርደሃታል ማለትህ ነው» አለች ፉሚ።

የሆሶካይ ጆሮ ቀላ። የታተመ ወረቀት ዘረጋላት። «መዝገቡ ይኸው። ማሽን አይዋሽም።» ኪሄይ የሞተበት ቀን ትእዛዝ እንዲህ ተመዝግቧል፦

[ኡሜ]　[40]

«ይህን ቅንፍ የምትጽፈው እሷ ናት?»

«የለም፣ ስክሪፕቱ ነው። የደረሰውን እያንዳንዱን ቃል በየቅንፉ ከትቶ ይመዘግባል። ትእዛዝ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ እንዲያሳየኝ ብዬ ነው። ሰፊው ክፍተት ይታይዎታል? ያለፉት ቀናት ጠባብ ናቸው፣ ይሄኛው ሰፊ።»

«ይታየኛል። ግን ደቂቃው ሲጎድልበት ስክሪፕትህ ለምን አይጮህም? ለምን "አልገባኝም" አይልም?»

«ልጨምርበት አስቤ ነበር… ጊዜ አጣሁ።»

«ኪሄይም ጊዜ አጣ» አለችው።

ወረቀቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። አባቷ በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበር። በእሱ ዘመን በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ከእርሳስ የተሠራ ቁራጭ ነው፤ በጣት ተለቅሞ ይገባል። «ባዶ ቦታም ክብደት አለው፣ ልጄ» ይላት ነበር። «ራሱ አይመጣም፤ ያስቀመጠው እጅ አለ።» ፉሚ ክፍተቱን በጥፍሯ ለካችው። የሚቆረቁራት ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘችውም።

የጠመቃ ቤቱ ባለቤት ዋታራይ ሺገሚ ሃምሳን ያለፈ፣ ጥላውን የሚፈራ ደግ ሰው ነው። ከመናገሩ በፊት በሩን ዘጋ፤ መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣ።

«ይስቁብኛል ብዬ ለፖሊሱ አልነገርኩትም» አለ። «ያን ቀን ጠዋት ጌንዞ ዘፍኗል።»

«ጌንዞ ማነው?»

«ከኪሄይ በፊት የነበረው ዋና ጠማቂ። የምክትላችን የኤይኪቺ አባት። ከሃያ ዓመት በፊት እዚያው ኡሜ ውስጥ ነው የሞተው፣ ልክ እንደ ኪሄይ። ማራገቢያውን ያስገባነው ከእሱ በኋላ ነው። ከገባ ጀምሮ… ይዘፍናል።»

በጠመቃ ቤቱ ይህን የማያውቅ የለም። ማራገቢያው ሲዞር ያረጀ ብረቱ እየተፋተገ ረጅም፣ የተጎተተ ድምፅ ያወጣል፤ የድሮ ጠማቂዎች ጥንስስ ሲያማስሉ የሚያዜሙት ዜማ ቁርጥ። ብረት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ብረት ነው ብሎ የተናገረ ግን አልነበረም። ጋኑ ውስጥ እንዳይወድቅ ወደዚያ ክፍል ሰዓት ታስሮ አይሄድም። ስለዚህ የቤቱ ሕግ አንዲት ነበረች፦ ጌንዞ ሲዘፍን ቁም፤ ሲጨርስ ግባ። በድንግዝግዙ ሰዎቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው፣ ትንፋሻቸው እየጨሰ፣ የሞተ ሰው ዘፈኑን እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። አዲስ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አይወስደውም።

«ያን ቀን እንዴት ዘፈነ?» አለች ፉሚ።

«አልጨረሰም።» ሺገሚ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። ጀመረ፣ ትንሽ ሄደ፣ ከመሃል ተቆረጠ። እንደታነቀ ሰው። ኪሄይን ሊወስደው መጥቶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ፉሚ አልሳቀችም። «ይህን ለማን ነገሩት?»

«ለማንም። ከእርስዎ በቀር።»

ኤይኪቺን ያገኘችው ሩዝ በሚታጠንበት ክፍል፣ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ ነው። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ቁጥብ። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነበር።

«ያን ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከኡሜ ጎን ባለው ክፍል፣ ሩዝ እያገላበጥኩ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሌሎቹ በበረዶው ዘግይተው ገና አልደረሱም ነበር።»

«ዘፈኑን ሰማኸው?»

«ዘፈን?» ፈገግ አለ፣ በጥርሱ ብቻ። «የማራገቢያውን ጩኸት ማለትዎ ነው። ዝም ብሎ ነበር። ጭር ያለ ጠዋት ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ለፖሊሱም ይህንኑ ነው ያልኩት፣ ጽፎታል።»

በዚያ ቤት ዘፈኑን ዘፈን ያላለው የመጀመሪያው ሰው የሟቹ የጌንዞ ልጅ ሆነ። ፉሚ ይህን ልብ አለችው።

«ኪሄይ ታዲያ ዘፈን ሳይሰማ ለምን ገባ?»

«እርጅና ነዋ። ትዕግሥት አጣ መሰለኝ።»

«ሃምሳ ክረምት የታገሠ ሰው?»

ኤይኪቺ አካፋውን አንስቶ ሩዙን መዛቅ ጀመረ። «እሱን ሙታንን ይጠይቁ» አላት።

ሙታንን ከመጠየቅ በፊት የመንደሩን ፖሊስ ማስታወሻ ጠየቀች። ሰዓቶቹ በንጹሕ እጅ ተጽፈዋል። አስራ ሁለት ሰዓት ሬሳው ተገኘ። አንድ ሰዓት የሠራተኞቹ ቃል ተወሰደ። ሦስት ሰዓት ሆሶካይ ከከተማ ደርሶ መዝገቡን ከፈተ፤ ከዚያ በፊት ማራገቢያው ለምን እንዳልሠራ ቀርቶ አለመሥራቱንም ያወቀ አልነበረም። ፖሊሱ አንድ ሰዓት ላይ ያነሳቸው ፎቶዎችም ነበሩ። በአንዱ ላይ የኡሜ የውጭ ግድግዳ ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ የጣለው በረዶ ከጉልበት በላይ ተቆልሏል፤ ከማራገቢያው አፍ ሥር ግን ድስት የሚያህል ጉድጓድ ቀልጦ፣ ጠርዙ እንደረጠበ ያብረቀርቃል።

ፉሚ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የመዝገቡን ወረቀት እንደገና አወጣች፤ ያን ጊዜ የቆረቆራትን ነገር አገኘችው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለች ለራሷ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ እንደገና በረዶ መጣል ጀምሯል። ሦስት ቀን የተዘጋው ኡሜ ከግድግዳው ማዶ ነው፤ ሰዎቹ ሳያስቡት ጀርባቸውን ወደዚያ ላለመስጠት ተጠማዝዘው ተቀምጠዋል።

«እትዬ ጹሩኮ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡ።»

«አልነካውም! ዳግመኛ አልነካውም።»

«ስህተቱን እንዲደግሙልኝ ነው። አውቀው ይሳሳቱ። ሰፊውን ይምቱ።»

ጹሩኮ እጆቿን ከሽርጧ ሥር አወጣች። ኡሜ ብላ ጻፈች፣ ሰፊውን መታች፣ አርባን ጨመረች። ሁሉም ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዘነበለ። ምንም አልተሰማም። ሺገሚ መቁጠሪያውን ጨበጠ።

«ሆሶካይ፣ አሁን የተመዘገበውን ክፈትልን።»

ስክሪኑ ላይ እንዲህ ወጣ፦

[ኡሜ　40]

ሆሶካይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«ስንት ቅንፍ ነው?» አለች ፉሚ።

«አንድ።»

«ሰፊው ክፍተትስ የት ነው?»

«ውስጥ» አለ በሹክሹክታ። «ከቅንፉ ውስጥ።»

«እንዴ፣ ሌላ የት ሊሆን! ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ከተቀበለ በአንድ ቅንፍ ነው የሚከታቸው። አሁን የዚያን ቀኑን እዩ።» ወረቀቱን ከፍ አደረገችው። «ሁለት ቅንፍ። ኡሜ ለብቻው፣ አርባ ለብቻው። ሁለቱም ቃላት በደንብ ደርሰዋል። በሁለት ቅንፍ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያስቀምጠው ማነው?»

«ስክሪፕቱ። እኔ ያስተማርኩትን፣ ጠባቡን። ሰፊውን ሊያስቀምጥ አይችልም…» ሆሶካይ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወይ ጉድ! እንዴት አላየሁትም?»

«የእሷን ስህተት ነበር የምትፈልገው። የፈለግኸው ታየህ፣ አቆምክ። ይህ ክፍተት ከቅንፉ ውጭ ነው። ስክሪፕቱ አላስቀመጠውም፣ እትዬ ጹሩኮም አልመታችውም። ሰው መዝገቡን ከፍቶ በእጁ ያስገባው ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ጹሩኮ።

«ትእዛዝዎ ትክክል ነበር ማለት ነው። አየሩን ሰጥተውታል።»

ጹሩኮ እጆቿን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ገልብጣ ገልብጣ አየቻቸው። ከዚያ ደርቋል የተባለው ዓይኗ እንደገና ሞላ።

«ማራገቢያው ሠርቶ ነበር?» አለ ሺገሚ።

«ሠርቷል። እርስዎ ሰምተውታል፣ በረዶውም ይመሰክርልዎታል።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሌሊቱን የጣለ በረዶ ሲነጋ ከማራገቢያው አፍ ሥር ቀልጧል። የክፍሉ ሙቀት ወጥቶበታል። ግን ብዙ አልቀለጠም። አስር ደቂቃ ያህል እንደሠራ አንድ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠና "ኡሜ፣ ዜሮ" ብሎ ጻፈ። ዘፈኑ ተቆረጠ። ኪሄይ በሩ ላይ ነው፤ ሰዓት አላሰረም። ዘፈኑ ሲያቆም፣ የቤቱ ሕግ እንደሚለው፣ ገባ። ከመጀመሪያውም ያልገባኝ ይኸው ነበር፤ ዘፈን ካልነበረ ያ ሰው አይገባም። ከዚያ ገዳዩ የዜሮዋን መስመር ፋቀ፣ የቀረችውን መስመር የእትዬ ጹሩኮ ስህተት አስመሰላት። ሰፊው ክፍተት አደጋ መሆኑን ያውቃል፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎለታል። የት ሲገባ አደጋ እንደሚሆን ግን አያውቅም።»

«እኔ አይደለሁም» አለ ሆሶካይ በጥድፊያ።

«አይደለህም። አንተ ብትሆን ቅንፉን አትስትም ነበር። ትእዛዙን መጻፍ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው ዘፈኑ ተቆረጠ አለኝ፤ ያጠፋው እሱ ቢሆን ይህን አይነግረኝም። ሌላው ግን መዝገቡ ገና ሳይከፈት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጭር ያለ ጠዋት ነበር ብሎ ቃል ሰጠ። ባለቤቱ ከአልጋቸው የሰሙትን እሱ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ አልሰማውም። መዝገቡ ምን እንደሚል ቀድሞ የሚያውቅ የጻፈው ሰው ብቻ ነው።»

ፉሚ ወደ ማንም አልዞረችም። ሌሎቹ ዞሩ።

ኤይኪቺ አልካደም። እንደተገላገለ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ሃያ ዓመት» አለ። «በየጠዋቱ በር ላይ ቆማችሁ አባቴን ትጠብቁታላችሁ። ጌንዞ ዛሬ ጉሮሮውን ይዞታል፣ ጌንዞ ዛሬ ሰክሯል ትላላችሁ። እኔም እስቃለሁ። አብሬያችሁ እስቃለሁ።»

«ኪሄይ እኮ አባትህን ይወደው ነበር» አለ ሺገሚ።

«ይወደው ነበር! ኅዳር ላይ አዲሱን ሳኬ ስንቀምስ ሰክሮ አቀፈኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። በሞተበት ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ "ልግባ ወይ?" ብሎ ጠይቆት ነበር። ኪሄይ ቸኩሏል። አየሩ መጥራቱን ሳያረጋግጥ "ግባ" አለው። ሃያ ዓመት ደብቆኝ ኖሮ፣ አለቀሰና ይቅር በለኝ አለ። በማግስቱ መናገሩን ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።» ድምፁ ወረደ። «ያን ጠዋት ከዚህ ስመለስ ኪሄይ በሩ ላይ ቆሟል። "ዛሬስ አጠረብኝ፣ ልግባ ወይ?" አለኝ። ግባ አልኩት።»



«እትዬ ጹሩኮስ ምን በደለችህ?» አለች ፉሚ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፋ። «ምንም» አለ። «ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነበር።»

የፖሊሱ መኪና እንደተባለው አስር ሰዓት ላይ ሄደ፤ ከኋላ የተቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነበር። ሆሶካይ ቀዩን ወረቀት ገንጥሎ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። ከዚያ የኮምፒውተሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ኡሜ ያለው የኪሄይ የመጨረሻ ጥንስስ ነው» አለ ሺገሚ። «ዛሬም ካልተማሰለ ይበላሻል።»

«እኔ ልጻፍልዎት፣ እትዬ» አለ ሆሶካይ። «ሰፊውንም ጠባቡንም እንዲቀበል፣ ቃል ሲጎድለው እንዲጮህ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። እኔ… ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አስተካክለው። አሁን ግን ተነስልኝ፣ ልጄ።»

ጹሩኮ ተቀመጠች። ኡሜ ብላ ጻፈች። መቀየሪያውን ቁልፍ ነካች። ጠባቡን መታች። አርባ ልትጽፍ ብላ ቆመች፤ ሦስት ቀን የታፈነ ክፍል ነው። ሰማንያ ጻፈች።

ከግድግዳው ማዶ ዘፈኑ ተነሳ፤ መጀመሪያ ጎርናና፣ ከዚያ እየጠራ፣ እየተጎተተ።

«ዛሬ ሁለት ናቸው» አለ ሺገሚ በሹክሹክታ። «ስሙት፣ ሁለት ድምፅ ነው።»

ፉሚ በመናፍስት አታምንም። ሦስት ቀን ቆሞ የዛገ ብረት ነው አለች በልቧ። ቢሆንም መኪናዋን አላስነሳችም። ከሠራተኞቹ ጋር ኡሜ በር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ የቀለደ የለም፣ የሳቀም የለም።

ዘፈኑ አለቀ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሁሉም ወደ ጹሩኮ ዞሩ። እሷ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሳ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሰማንያ ደቂቃው መሙላቱን አረጋግጣ መጣችና በሩን በራሷ ጣቶች ገፋችው።

«ጨርሰዋል» አለች። «አሁን ግቡ።»